ስለ ጨዋታ የሚደረግ ጨዋታ፤ በጋይንት አገር የተጫዋቾችና የተመልካቾች ፍርድ

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን ከላይ ጋይንት፣ በምዕራብ ከስማዳ ጋራ ይዋሰናል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ የበሽሎ ወንዝ ከወሎ ይለየዋል። በቀድሞው አስተዳደር ይህ ሁሉ አገር በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ይቈጠር ነበር። የከተማዪቱ ስም እንደሚያመለክተው በዓርብ ቀን ገበያ ይውላል። ወደ ገበያ የወጣ ሰው እህሉን ሸጦ ጨውና በርበሬውን ሸምቶ ብቻ አይመለስም፤ ዘመድ ጠይቆ፣ ወሬ ሰምቶ፣ ከባልንጀራው ጋራ ተጫውቶ ይመለሳል።

«ተጫውቶ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። በአማርኛ ጨዋታ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በጠጠር፣ በበትር ወይም በኳስ የሚደረገው ውድድር ሲሆን ሁለተኛው ወግና ንግግር ነው። ቤት የገባ እንግዳ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ይጫወቱ እንጂ» ቢባል፣ ተነሥተው ይሩጡ ማለት ሳይሆን ያውጉን ማለት ነው። «ጨዋታ ዐዋቂ» የሚባለውም ገበጣ የሚችለው ሰው ሳይሆን ንግግሩ የሚጣፍጠው ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ እንዳልሆነ የአገሩ ልማድ ያስረዳል፤ ስለ ጨዋታው የሚነገረው ቃል ከጨዋታው ውጭ ያለ ሳይሆን የጨዋታው አንድ ክፍል ነውና። ይህም ልማድ በገናና በገበጣ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ዛሬ ወጣቶች በቴሌቪዥን መስኮትና በእጅ ስልክ በሚጫወቱት ጨዋታ ላይም ይታያል።

የተመልካች ሥልጣን

በገና ጨዋታ እንጀምር። ይህ ጨዋታ የልደት በዓል በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28፣ በአያሌ የአማራ አገር ሜዳ ይደረጋል። ጐበዛዝቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ጫፉ በቈለመመ በትር ሩሩን እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወሰን ያደርሳሉ። ነገር ግን በዓሉን በዓል የሚያደርገው ምቱ ብቻ አይደለም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ስለ ሩጫው፣ ስለ አመታቱ፣ አልፎ አልፎም ስለ ዘሩና ስለ ጌታው ይናገራል። በዚያን ቀን ጌታ የሆነ ሰው በሎሌው ቃል እንዳይቈጣ ልማድ ያዛል። በሌላ ቀን ቢነገር ዳኛ ፊት የሚያቆም ቃል በገና ቀን ሣቅ ሆኖ ያልፋል። ከዚህ እንደምንረዳው ጨዋታው የሚሰጠው ነጻነት ለእግርና ለእጅ ብቻ ሳይሆን ለአፍም ጭምር ነው።

በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ቤት ይዘወተር በነበረው በሰንጠረዥም እንዲሁ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው አገር ሰንጠረዥ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር ወረራ የሚባለው አጀማመሩ ነው። አንዱ የሌላውን አንድ ተሰላፊ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ተጓዦች ጨዋታውን አይተው ሲጽፉ፣ በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ዝም ብለው እንደማይመለከቱና ምክር እየሰጡ እንደሚጫጩ አስታውቀዋል። በአውሮፓ ልማድ ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው አጠገብ መናገር ነውር ስለሆነ ነገሩ ሳያስገርማቸው አልቀረም።

ገበጣ ግን ከሁሉ ይልቅ የሕዝብ ጨዋታ ነው። እረኛ በመስክ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ ይጫወተዋል፤ ሽማግሌ ደግሞ ማረሻ በማይነካበት የበዓል ቀን በዛፍ ጥላ ሥር ሰሌዳ አቅርቦ ይጫወተዋል። በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ በተደረደሩ ጉድጓዶች እኩል ጠጠር ይደረጋል። ተጫዋቹ ካንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር ሁሉ አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንዳንድ እየጣለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ጠጠር የወደቀበት ጉድጓድ ታይቶ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ተራውን ይለቃል። ጉድጓዶቹ ለሁሉ ሰው ግልጥ ስለ ሆኑ የተደበቀ ነገር የለም። ስለዚህ ቆሞ የሚያይ ሁሉ እንደ ተጫዋቹ ሊቈጥርና ሊፈርድ ይችላል። ወጣቱ ተመልካች በዕድሜ ለሚበልጠው ተጫዋች «አያ፣ ያችን ባያነሡ ይሻልዎት ነበር» ቢል፣ ሽማግሌው «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን እንጂ አፍህን ማን ጠራው?» ይሉታል፤ ነገር ግን ደግመው ያችን ጉድጓድ አያነሡም። ቍጣው ለክብር ነው፤ ምክሩ ግን ተወስዷል።

ሕጉ የሚኖርበት ስፍራ

ገበጣ አንድ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣና የገበጣ መሰል ጨዋታዎችን ዘርዝረዋል። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቍጥር፣ የአበላሉ ሥርዐት ካገር አገር ይለያያል።

እነዚህ ሁሉ ሕጎች በመጽሐፍ ተጽፈው የተላለፉ አይደሉም። የኖሩት በክርክር ነው። ከሁለት የተለያየ አገር የመጡ ሰዎች ለገበጣ ሲቀመጡ አስቀድመው የሚጠያየቁት «በእናንተ ዘንድ በስንት ጠጠር ነው?» እየተባባሉ ነው። ጨዋታው ከተጀመረም በኋላ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ጠጠሩ ይቆማል፤ አንዱ «እንዲህ አይበላም» ይላል፤ ሌላው «በእኛ ዘንድ ይበላል» ይላል፤ ተመልካቹም ወገን ይለያል። በመጨረሻም የሚስማሙበትን ይወስናሉ። አላፊ አግዳሚው ጊዜ ማባከን የሚለው ይህ ሙግት በእውነቱ ሕጉን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ትምህርት ቤት ነው። ሙግቱ የቀረ እንደ ሆነ ሕጉም ይጠፋል።

የመስኮት ጨዋታ

ከጊዜ በኋላ በከተሞች ሌሎች ጨዋታዎች ተጨመሩ። ዳማ በጠርሙስ ቆርኪ፣ ከረንቡላና ጆተኒ በየሰፈሩ ተለመዱ። ከእነርሱ ቀጥሎ የቪዲዮ ጨዋታ መጣ፤ ወጣቶች በአጭሩ ጌም ይሉታል። በዓለም ላይ በገበያ ረገድ የመጀመሪያውን ታላቅ ዝና ያገኘው የቪዲዮ ጨዋታ በ1972 እ.ኤ.አ. አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ፖንግ ነው። ይህ ጨዋታ በመጠጥ ቤት ውስጥ የሚቆም ሳጥን ነበር፤ ሁለት ሰው ጐን ለጐን ካልቆመ አይጫወቱትም ነበር። በጃፓን አገር በ1994 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ የቀረበው ፕሌይስቴሽን ደግሞ ጨዋታውን ወደየቤቱ አስገባው። በኢትዮጵያ ግን ዋጋው ለአንድ ቤተ ሰብ ስለሚከብድ ልማዱ ሌላ መልክ ያዘ። አንድ ሰው መሣሪያውን ገዝቶ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ያቆማል፤ ወጣቶችም በጨዋታ ብዛት ወይም በሰዓት እየከፈሉ ይጫወታሉ።

በነዚህ ቤቶች ከሁሉ የሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ፊፋ የሚባለው ጨዋታ በ2023 እ.ኤ.አ. ስሙን ቢለውጥም ተጫዋቾቹ ዛሬም ፊፋ እያሉ ይጠሩታል። በብዙ ስፍራ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ከዚህም የተነሣ ከተጫዋቾቹ ኋላ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም የገበጣው ዙሪያ ሰዎች ወራሾች ናቸው። ገንዘቡ ትንሽ፣ መሣሪያው አንድ በመሆኑ ብቻ የተመልካች ጉባኤ ሳይታሰብ ተመለሰ። ሴቶች ልጆች በነዚህ ቤቶች እምብዛም አይታዩም፤ ለእነርሱ የጨዋታው በር የተከፈተው ይልቁን በእጅ ስልክ ነው።

የባልንጀሮች ፍርድ

ባልንጀሮች ሰሞኑን ስለ ተጫወቱት ጌም ሲነጋገሩ ፍርዳቸው ብዙ ጊዜ በአራት ነገር ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ያሸነፈው ሰውዬው ነው ወይስ መሣሪያው የሚል ነው። ታላቅ ቡድን መርጦ ያሸነፈውን ልጅ ሲያመሰግኑት አንዱ ለተሸናፊው «ያሸነፈህ እሱ አይደለም፤ ቡድኑ ነው» ይለዋል፤ አሸናፊውም «እንግዲያው ቡድን እንለዋወጥና ይታያል» ብሎ ይመልሳል። ከገንዘብ ጋራ የተያያዘውም ክርክር የዚሁ ወገን ነው። በስልክ ከሚጫወቱት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ለከፈለ ሰው ብልጫ ስለሚሰጡ ወጣቶቹ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ይንቁታል።

ሁለተኛው፣ ጨዋታው ለስልኩ ይከብዳል ወይስ ይቀላል የሚለው ነው። ብዙ ቦታ የሚይዝና ባትሪ ቶሎ የሚጨርስ ጨዋታ ምንም ቢያምር ምስጋናው ጐደሎ ነው።

ሦስተኛው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰብዌይ ሰርፈርስ ያለ ኢንተርኔት ሊጫወቱት ስለሚቻል በድሃውም በሀብታሙም ስልክ ይገኛል። እስከ 100 ሰው በአንድነት የሚዋጋበት ፐብጂ ግን መስመር ከሌለ ከንቱ ነው። ይህ ፍርድ በአማራ ክልል ምን ያህል ክብደት እንዳለው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል። በክልሉ ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጨዋታ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈው ዜንደርን በመሰለ መላላኪያ ነው። ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አጠጋግተው እስኪተላለፍ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ሰጪውም በዚያች ጊዜ ውስጥ ጨዋታው የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚጣፍጥ ይናገራል። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ያለ ፍርዱ አይሰጥም።

አራተኛው፣ ለሁለት ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ያገኘውን ነጥብ የሚመሰክርለት ስለሌለ ስልኩን ይዞ ወደ ባልንጀራው ይሄዳል። ምስክር የሌለው ድል እንደ ድል አይቈጠርም።

ሙግት የማይቀበል ዳኛ

በቅርብ ዓመታት የአገራችን ሰዎችም ጌም መሥራት ጀምረዋል። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ የተባለውን ጨዋታ አውጥቷል። በዚህ ጨዋታ አንዲት ዶሮ ለበዓል እንዳትታረድ ከባለቤቷ ታመልጣለች። ይኸው ድርጅት ገበጣንም በስልክ እንዲጫወቱት አድርጎ ሠርቷል። በባዕድ ከተማና በባዕድ ጐዳና ሲሮጥ የኖረ ልጅ የራሱን የበዓል ዋዜማ በመስኮት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በውጭ አገር የተወለደውም ገበጣን በዚሁ መንገድ ሊያውቅ ይችላል። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በስልክ ላይ ያለ ገበጣ ሕጉ አስቀድሞ በሠሪው እጅ ተወስኗል። ጠጠሩ እንዴት እንደሚበላ የሚፈርደው መሣሪያው ነው፤ እርሱም «በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው» የሚልን ሰው አይሰማም። ከመቶ ከሚበልጡት ዓይነቶች በስልክ የገቡት ጥቂቶች ይኖራሉ፤ ያልገቡት ግን የሚሟገትላቸው ሰው ካጡ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊረሱ ይችላሉ። ባልንጀሮች ስለ ጌም የሚነጋገሩት ብዙ ቢሆንም ንግግሩ ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ክብደቱና ስለ ብልሃቱ ነው፤ ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን ከእጃቸው ወጥቷል። የገበጣ ተመልካች ምስክርም ዳኛም ሕግ አውጪም ነበር። የጌም ተመልካች ምስክርነቱና ዳኝነቱ አልቀረበትም፤ የቀረበት ሕግ ማውጣቱ ነው።

ሽማግሌዎች በወጣቶች ጌም ላይ የሚያሰሙት ወቀሳ የታወቀ ነው፤ ትምህርት ያስረሳል፣ ገንዘብ ያስጨርሳል፣ ዓይን ያደክማል ይላሉ። ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ገበጣ የሚጫወት እረኛም ከብቱን እህል ላይ ሲለቅ ይገረፍ ነበር፤ ጨዋታ ከሥራ ጋራ የሚያደርገው ግብግብ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ ብቻውን የሚጫወተው ልጅ ነው። በጠባቡ ክፍል ውስጥ የሚጯጯሁት ልጆች የአያቶቻቸውን ልማድ አልተዉም፤ የብቸኛው ልጅ ግን ከሁለቱ የጨዋታ ትርጕሞች አንዱ ጐድሎበታል።

እንግዲህ የአገርን ጨዋታ ለመጠበቅ የሚሻ ሰው ሰሌዳውንና ጠጠሩን ሰብስቦ በቤተ መዘክር ማኖር አይበቃውም። በበዓል ቀን ከዛፉ ሥር ተቀምጦ በየአጥቢያው የሚነገረውን ሙግት መጻፍ ያሻል፤ በየትምህርት ቤቱም ልጆች ከወላጆቻቸው የገበጣን ሕግ ጠይቀው በደብተር እንዲያሰፍሩ ማድረግ ቀላል ሥራ ነው። ጌም የሚሠሩትም የአገር ልጆች ተጫዋቾቹ ተስማምተው ሕጉን የሚለውጡበትን በር ቢከፍቱ፣ የጋይንቱ ሰው ከስማዳው ወይም ከእስቴው ሰው ጋራ በስልክም ቢሆን «በእናንተ ዘንድ በስንት ጠጠር ነው?» ብሎ ሊጠያየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጨዋታው በሙሉ ትርጕሙ ጨዋታ ይሆናል።