ለአሮጌ ቤት አዲስ ኪችን

አናጺው ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ከወለሉ አጠገብ ይለካል፤ 3 ሜትር ከ20። ወገቡ ላይ አድርጎ ይለካል፤ 3 ሜትር ከ16። ከጣሪያው ሥር ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ሜትሩ አልተሳሳተም፤ ቤቱ ነው እንዲህ የሆነው።

ኮትስዎልድስ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር እንዲህ ያሉ የድንጋይ ቤቶች ሞልተዋል። ኮቴጅ ይሏቸዋል። ብዙዎቹ የሸማኔና የገበሬ መኖሪያ ነበሩ። ቢበሪ መንደር ያለው አርሊንግተን ሮው የሚባለው ረድፍ በ14ኛው መቶ ዘመን የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠርቶ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ለሸማኔዎች ተከፋፈለ። ዛሬ በአካባቢው ካሉት ኮቴጆች ብዙዎቹ ለእረፍት ለሚመጣ ከተሜ በሳምንት ሒሳብ ይከራያሉ። ተከራዩ ደግሞ ጥቁሩን ወራጅ እንጨትና ሰፊውን የእሳት ቦታ እያደነቀ፣ ሙቅ ውኃና እቃ ማጠቢያ ማሽንም ይፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የምናውቀው ተገጣጣሚ ኪችን የተወለደው ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ነው። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት አዳዲስ አፓርታማዎች የነደፈችው ወጥ ቤት የዚህ ሁሉ እናት ነው፤ ስፋቱ 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነበር። የዛሬ ካቢኔቶችም በ60 ሳንቲ ሜትር ልክ እየተቆረጡ ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሆዱ የወጣ ግድግዳ ሥር ሲደረደሩ ከበስተኋላ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ አናጺው ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እርሳሱን ከድንጋዩ ጋር እያስታከከ ከላይ እስከ ታች ይስባል። የግድግዳው ጉብታና ስርጉድ ሁሉ ጣውላው ላይ ይታተማል። በዚያ መስመር ሲቆርጠው እንጨቱ ከድንጋዩ ጋር ይገጥማል።

ከመቁረጡ በፊት ግን ፈቃድ አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1700 በፊት ተሠርተው መልካቸውን የጠበቁ ቤቶች በአብዛኛው በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። የተመዘገበን ቤት ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ደግሞ ወንጀል ነው። ግድግዳ ማፍረስ ወይም የጥንቱን የእሳት ቦታ መድፈን ሲያስቡ አስቀድሞ የአካባቢውን አስተዳደር መጠየቅ ግድ ይላል።

ቀጥሎ እርጥበት ይመጣል። እነዚህ ግድግዳዎች የተያያዙት በኖራ ነው፤ የጎንደርን ግንቦች ድንጋይ ባያያዘው በዚያው ኖራ። ኖራ እርጥበትን ስቦ መልሶ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ከለሰኑትና ዳር እስከ ዳር ሴራሚክ ከለጠፉበት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ የካቢኔቱ ጀርባ ይሻግታል። ስለዚህ የኖራ ልስን ይመረጣል፤ ሴራሚኩም ከሲንኩና ከምድጃው ጀርባ ብቻ ይሆናል። እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያም አይቀርም።

ምድጃ ላይ ብዙ ባለቤት ልቡ የሚያዘነብለው አጋ ወደሚባለው ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳለን እ.ኤ.አ. በ1912 ሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑን አጣ፤ በዚያው ዓመት በፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ቤት ሲውል የሚስቱን የምድጃ ልፋት ተረድቶ በ1922 ይህን ከባድ የብረት ምድጃ እንደ ፈለሰፈ ይነገራል። የቀድሞው ዓይነት አጋ ቀንና ሌሊት አይጠፋም፤ ሙቀት የሚመርጡበት መዘውርም የለውም። ለሚኖርበት ባለቤት ሞገስ ነው። ቅዳሜ ማታ ደርሶ ለልጆቹ እንቁላል መጥበስ ለሚፈልግ እንግዳ ግን እንቆቅልሽ ነው፤ ተከራይ በሌለበት የክረምት ሳምንትም ነዳጅ ይበላል። ለኪራይ ቤት ማንም የሚያውቀው ተራ ስቶቭ ይሻላል።

የቀረውን የሚወስነው የጽዳት ሰዓት ነው። አንዱ እንግዳ ጠዋት በ4 ሰዓት ቢወጣና ሌላው ከቀኑ በ10 ቢገባ፣ በመካከሉ ያለው 6 ሰዓት ብቻ ነው። ዘይት እየተቀባ የሚጠበቅ ከእንጨት የተሠራ የመሥሪያ ገጽ የጋለ ድስት በተቀመጠበት ቁጥር ክብ ጠባሳ ይይዛል፤ ግራናይት ግን በአንድ ጨርቅ ይጸዳል። ሳህንና ብርጭቆ ክፍት መደርደሪያ ላይ ቢሆኑ እንግዳው በር ሁሉ እየከፈተ አይፈልግም፤ የጎደለውንም ጽዳት ሠራተኛዋ በአንድ እይታ ታውቃለች።

መደርደሪያው ሲሰቀል አናጺው መሰርሰሪያውን ድንጋዩ ላይ አያሳርፍም። በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለውን የኖራ መስመር በጣቱ ይፈልግና እዚያ ይበሳል። ይህ ኪችን አርጅቶ ሲነሣ ቀዳዳውን በጭብጥ ኖራ መድፈን ይቻላል፤ የተበሳ ድንጋይ ግን እንደ ተበሳ ይቀራል።