የጠፋው የዘር ቁጥር

ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ አንኳኩቶ እስኪከፈትለት ድረስ ደጁ ላይ ይቆማል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚያየው አጥሩንና በግቢው የተተከለውን አበባ ነው። ከገባ በኋላ ግን ጨዋታውና ቡናው ስለሚይዘው ደጁን ይረሳዋል። ሆኖም ወደዚያው ቤት ለብዙ ዓመት ሲመላለስ የኖረ ሰው አንድ ቀን ቤቱ ፈርሶ ቢያገኘው፣ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ያ ልብ ብሎ ያላየው ደጅ ነው።

የቪዲዮ ጨዋታም እንዲሁ ደጅ አለው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ጀምር»፣ «ቀጥል»፣ «ውጣ» የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት ሜኑ የሚባል ገበታ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከቃላቱም በስተኋላ አንድ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይታያል። ይህን ሥዕል ለማየት ብሎ የሚቀመጥ ተጫዋች የለም፤ ነገር ግን በየቀኑ ስለሚያየው ሳያውቀው ያጠናዋል። የዚያን ጊዜዎቹ ልጆች ዛሬ አድገዋል፤ ከእነርሱም ፕሮግራም መጻፍ የተማሩት የድሮዎቹን የሜኑ ሥዕሎች እንደ ገና ለመሥራትና ለመቅዳት ይደክማሉ። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው ቁም ነገር መዝገብ ስለ መያዝ ነው።

«ሥዕሉን በፊልም ቀድቶ ማስቀመጥ አይበቃምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንደማይበቃ ሁለት ምሳሌ ያስረዳል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2000 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ሲከፈት በጨለማ ውስጥ የቆሙ ምሰሶዎችን ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ምሰሶዎች ለጌጥ ብቻ የተደረደሩ አይደሉም፤ ባለቤቱ ከዚህ ቀደም በተጫወታቸው ጨዋታዎች መዝገብ መሠረት የሚበቅሉ ናቸውና፣ በአንዱ ቤት የሚታየው በሌላው ቤት ከሚታየው አይመሳሰልም። በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ከሜኑው በስተኋላ እንደ ሐር ጨርቅ የሚወዛወዝ ሞገድ አለው። የሞገዱ ቀለም በየወሩ ይለወጣል፤ ብርሃኑም እንደ ቀኑ ሰዓት ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። እንግዲህ በጃንዋሪ ወር ጧት የተቀዳ ፊልም የጁላይን ማታ ሊያሳይ አይችልም። ሥዕሉን በሙሉ ለማትረፍ የሚሻ ሰው ሥዕሉ የሚሠራበትን ደንብ ማግኘት አለበት።

ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አይቶ ማስመሰል ነው። ሬትሮአርች የተባለው የድሮ ጨዋታዎችን የሚያጫውት ነጻ ፕሮግራም በራሱ ሜኑ ላይ የፕሌይስቴሽን 3ን የሚመስል ሞገድ አለው። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ግን መምሰል እንጂ ያው ራሱ መሆን አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ከምንጩ መድረስ ነው። የዚህን መንገድ ከባድነትና ፍሬ ከማይንክራፍት ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ማይንክራፍት ማርኩስ ፔርሶን የተባለ የስዊድን ሰው በ2009 ለሕዝብ ያቀረበው ጨዋታ ነው። ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ በ2023 ተገልጧል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ተራራው፣ ወንዙና ዛፉ ሁሉ እንደ ብሎኬት ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ የተሠራ ነው። ዓለሙን ግን ሠዓሊ ቁጭ ብሎ አልሣለውም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ «ዘር» ከሚባል አንድ ቁጥር ያበቅለዋል። ያው ቁጥር በያው የጨዋታ እትም ከተሰጠ፣ በስቶክሆልምም ሆነ በአዲስ አበባ የሚበቅለው ያው ተራራና ያው ዛፍ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ግን፣ ሥዕሉ በእጅ ቢኖርም፣ ወደዚያ አገር የሚመለሱበት መንገድ የለም።

በ2011 በወጣው ቤታ 1.8 በተባለው እትም፣ በማይንክራፍት ሜኑ በስተኋላ በዝግታ የሚዞር የአንድ አገር ሥዕል ታየ። ሥዕሉ የተሠራው ከስድስት ፎቶግራፎች ነው፤ አራቱ የአራቱ ማዕዘን፣ አንዱ የላይ፣ አንዱ የታች ናቸው። ስድስቱ እንደ አንድ ክፍል ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል ይጋጠሙና ተመልካቹ በመካከላቸው የቆመ ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በየጎኑ 256 ነጥብ ብቻ ያለው ትንሽ ነገር ነበር፤ ጨዋታውም ሆን ብሎ ያደበዝዘዋል። በ2018 ጁላይ የወጣው 1.13 እትም በሌላ ሥዕል እስኪተካው ድረስ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ስንትና ስንት ልጅ በየቀኑ ሲያየው ኖሯል። የዚያ አገር የዘር ቁጥር ግን ከሥዕሉ ጋር ለሕዝብ አልወጣም ነበር።

ቁጥሩን ለማግኘት የተነሡት ሰዎች ደመወዝ የሚከፍላቸው ኩባንያ ያልነበራቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእጃቸው የነበረው ስድስቱ ደብዛዛ ፎቶግራፎችና ኮምፒዩተሩ ዕጣ የሚያወጣበት ደንብ ነው። ኮምፒዩተር «በዕድል» የሚያወጣው ቁጥር በእውነቱ የዕድል አይደለም። ማይንክራፍት በዚያን ጊዜ ይጠቀምበት የነበረው ደንብ ያለፈውን ቁጥር በ25,214,903,917 ያባዛል፣ 11 ይደምርበታል፣ ከተወሰነ መጠን የተረፈውንም ይጥላል፤ የሚቀረው የሚቀጥለው ቁጥር ይሆናል። ዛፉ የት እንደሚቆም፣ ቁመቱ ስንት እንደሚሆን፣ ከቅጠሉም የትኛው ማዕዘን እንደሚጎድል የሚቆርጠው በዚህ ዓይነት የሚወለድ ቁጥር ነው። ስለዚህ በፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ዛፍ እንደ ምስክር ሊጠየቅ ይችላል። አንድን ቁጥር አንሥቶ «ይህ ዘር ቢሆን ዛፉ እዚህ ላይ ይበቅል ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ቁጥሩ ይጣላል።

ለዚህ ጥያቄ ግን አስቀድሞ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቦታ መገመት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ደመናው ረዳ። የማይንክራፍት ደመና በሁሉም ዓለም አንድ ዓይነት ንድፍ ያለው ሲሆን፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። ደመናው በሚነዳበት መስመር ላይ ያለውን ቦታ ማወቅ ሰዓቱን ካላወቁ አይቻልም፤ መስመሩን በሚያቋርጠው አቅጣጫ ግን ደመናው የቆመ ያህል ስለ ሆነ፣ የተመልካቹን ቦታ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መፈተን ነበር። የሚፈተኑት ቁጥሮች ብዛት እስከ 281,474,976,710,656 ሊደርስ ስለሚችል፣ ይህ በአንድ ሰው መኪና የሚገፋ ሥራ አይደለም። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በተሠራው ቦይንክ በተባለ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ይህ ፕሮግራም አንድን ትልቅ ስሌት ከፋፍሎ በየሰው ቤት ላሉ ኮምፒዩተሮች ያድላል፤ ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ምልክት ለመፈለግም አገልግሏል። ፈላጊዎቹ ማይንክራፍት አት ሆም ብለው በሰየሙት ማኅበር ሥራውን አከፋፈሉ። በአንድ መኪና ቢሆን 93 ቀን የሚፈጀው ስሌት ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀና፣ በጁላይ 18 ቀን 2020 ቁጥሩ መገኘቱ ተነገረ።

የተገኘውም አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ነው፤ 2,151,901,553,968,352,745 እና 8,091,867,987,493,326,313። ሁለቱም ያንኑ አገር ያበቅላሉ። ምክንያቱን ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ እርሳስ አንሥቶ ትንሹን ከትልቁ ይቀንስ። ልዩነቱ ከላይ የጠቀስነው 281,474,976,710,656 ልክ 21,103 ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ ምንም ትርፍ የለውም። ዕጣ አውጪው ደንብ ከዚያ መጠን በላይ ያለውን ስለሚጥል፣ ሁለቱ ቁጥሮች በእርሱ ዘንድ አንድ ናቸው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ማንም ሰው ወደዚያ አገር መግባት ይችላል። ፎቶግራፉ የተነሣው ከዓለሙ መነሻ ነጥብ በአንዱ ወገን 61፣ በሌላው ወገን 68 ብሎኬት ያህል ርቆ፣ በ75 ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ቆሞ ካሜራውን በስድስቱ አቅጣጫ በልኩ የሚያዞር ፕሮግራም የያዘ ሰው፣ ያንኑ ሥዕል ያለ ድብዝዝታ፣ በፈለገው ጥራት እንደ ገና መቅዳት ይችላል። በልጅነቱ እንደ ጭጋግ ያየውን ዛፍ ሄዶ በእጁ መንካት፣ ከኮረብታው በስተጀርባም ምን እንዳለ ማየት ይችላል። ግን አንድ ግዴታ አለበት፤ ቤታ 1.7.3 በተባለው በቀድሞው እትም መግባት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የአገሩ አሠራር ደንብ ስለ ተለወጠ፣ ያው ቁጥር በአዲሱ እትም ሌላ አገር ያበቅላል። ቁጥሩ ያለ እትሙ፣ እትሙም ያለ ቁጥሩ ዋጋ የላቸውም።

«ለአንድ የጨዋታ ሥዕል ይህን ያህል የመብራት ኃይል ማባከን ምን ይባላል?» ብሎ የሚተች ሰው ፍጹም ተሳስቷል አልልም። ለቁም ነገር ሊውል የሚችል መኪና ለጨዋታ ውሏል። ነገር ግን የአንድ ትውልድ ትዝታ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ኩባንያዎቹ ሥዕሎቹን ለአንድ ሰሞን ሠርተው በሌላ ተኩዋቸው፤ ዋጋቸውን ያወቀው በኋላ ያደገው ልጅ ነው። በዚያ ላይ፣ ከደብዛዛ ማስረጃ ተነሥቶ፣ የማይሆነውን እየጣሉ ወደሚሆነው መድረስ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ ዳኛውም የሚሠራበት ዘዴ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የዋጋው አለመመጣጠን ነው። ያን ቁጥር ከሥዕሉ አጠገብ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ሳይጻፍ ስለ ቀረ የ93 ቀን የመኪና ሥራ አስከፈለ። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቁጥሩ ያልተጻፈበት ፋይል አልተቃጠለም፣ አልተሰረቀም፤ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠፍቷል። ባለጉዳዩም በየቀኑ እየተመላለሰ «ነገ ና» ይባላል።

እንግዲህ ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ፣ ካርታ የሚያነሣ መሐንዲስ፣ ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ወጣት ሹም፣ ሥራውን ፈጽሞ ከመነሣቱ በፊት ከየትኛው ቁጥር እንደ ጀመረና በየትኛው እትም እንደ ሠራ በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፍ። በኋላ የሚመጣው ፈላጊ ዛፍና ደመና እየጠየቀ እንዳይደክም ይህች አንዲት መስመር ትበቃዋለች።