የታሪክ መጽሐፍ በአንቀጽ 17 ሲፈተን

አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹም ግዛቶች ወላጅ ልጁን ቤት ውስጥ ማስተማር ይችላል። ደንቡ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጎረቤታሞች ሆነው እንኳ አሠራራቸው አንድ አይደለም። በቨርጂኒያ ወላጅ ሐሳቡን እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል፤ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶችም ይዘረዝራል። በሜሪላንድ በአካባቢው የትምህርት ቢሮ ሥር የሚያስተምር ወላጅ የልጁን ሥራ አሰባስቦ ለግምገማ ያቀርባል፤ ማኅበራዊ ሳይንስም ከግዴታ ትምህርቶቹ አንዱ ነው። የትኛው የታሪክ መጽሐፍ ይነበብ የሚለውን ግን ሁለቱም ግዛቶች ለወላጅ ትተውታል።

የዘመናዊ ዓለም ታሪክ መጽሐፍ የሚፈልግ ወላጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር «ዘመናዊ» የሚለው ቃል ከመጽሐፍ መጽሐፍ መለያየቱ ነው። በኮሌጅ ቦርድ የሚዘጋጀው የኤፒ የዘመናዊ ዓለም ታሪክ ትምህርት ከ1200 አካባቢ ይነሣል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) በነጻ የሚገኘው የኦፐንስታክስ የዓለም ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ ከ1400 ይጀምራል። በቤት አስተማሪዎች ዘንድ የታወቀው የሱዛን ዋይዝ ባወር የዓለም ታሪክ አራተኛ ቅጽ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይነሣል፤ የተጻፈው ግን ለትንንሽ ልጆች ስለሆነ ለ15 ዓመት ታዳጊ ይቀልበታል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቃል ትቶ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ መመልከት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና የመጽሐፉ ጥራት ነው። አምስት መቶ ገጽ አንብቦ ለመምረጥ ጊዜ ያለው ወላጅ ጥቂት ነው፤ ሆኖም አንድን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን በዚያ ታሪክ ሊመዝነው ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከውጫሌ ውል የተሻለ መመዘኛ አይገኝም። ውሉ በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል በሜይ 1889 ተፈረመ። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ቅጂ ግን በጣሊያን በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። ሮም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ በ1893 ውሉን አፈረሱ፤ በ1896 ዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ።

ደካማ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ጣሊያንን አሸነፈች ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። መካከለኛው የውሉን ጠብ ይጠቅሳል። ጥሩው ግን ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪውን ራሱ እንዲያነጻጽር ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ገጽ ያለው መጽሐፍ፣ ዋጋው ቢወደድም፣ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ታዳጊው አንድ ሰነድ በማን እጅና ለምን ዓላማ እንደተጻፈ መጠየቅን ከዚያ ይማራል። በኤፒ ፈተናም ላይ ተማሪው ሰባት ሰነዶች ቀርበውለት ከእነሱ ተነሥቶ መከራከሪያ እንዲጽፍ ይጠየቃል።

የታተመበት ዓመትም ይታያል። ጣሊያን በ1935 እና 1936 ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን መከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ነገሩን እንደ ክስ ብቻ አቅርቦት ሊሆን ይችላል። የሶቪየት ኅብረትን መፍረስ የማያካትት አሮጌ መጽሐፍም የቀዝቃዛውን ጦርነት ታሪክ ሳይጨርስ ያቆማል። ከዚህ ሌላ 1960ን ገልጦ ማየት ይጠቅማል። በዚያ ዓመት 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጥተዋል። ይህን በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ ለአውሮፓ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚሰጥ መጽሐፍ ለብቻው አይበቃም።

የኢትዮጵያን ታሪክ በተመለከተ የዓለም ታሪክ መጻሕፍት ሁልጊዜም ይጎድላቸዋል። ክፍተቱን የሚሞላው የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስላለ ልጅ በአንዱ፣ ወላጅ በሌላው እያነበቡ ሊወያዩበት ይችላሉ። የእንግሊዝኛው ሁለተኛ እትም በርዕሱ ከ1855 እስከ 1991 ሲል የአማርኛው ከ1847 እስከ 1983 ዓ.ም. ይላል። ዘመኑ አንድ ነው፤ የተለየው አቆጣጠሩ ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ እዚህ ላይ ግር ይለዋል።

ከመግዛት በፊት መጽሐፉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዋስና ልጁ ዐሥር ገጽ ያህል አንብቦ በራሱ ቃል እንዲናገር ማድረግ ያዋጣል። ቀንና ስም ብቻ ከደረደረ መጽሐፉ ምክንያቱን አላስረዳውም፤ ወይም ቋንቋው ከብዶታል። ከተገዛ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓምድ ያለው የዘመን ሰንጠረዥ በወረቀት ሠርቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል፤ በአንዱ ዓምድ ማርች 1 ቀን 1896፣ በሌላው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በመካከላቸው ዐድዋ።