ትኩሳት የተደበቀበት ዓመት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ወረታን አልፈው፣ አዲስ ዘመን ሳይደርሱ ይፋግን ያገኛሉ። አካባቢው የጣና ዳር ሜዳ ነው፤ ሩዝ፣ ረግረግ፣ ወባ። ትኩሳት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ ወባ መሆን አለመሆኑን ትነግረዋለች።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ሲነገር ይህ ልማድ ተናጋ። በዚያው ወር ማብቂያ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት ተዘጉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ያን ጊዜ «ተኩሶኛል» ማለት ራስን ለለይቶ ማቆያ አሳልፎ መስጠት መሰለ። ሰው ትኩሳቱን ይዞ ቤቱ ተኛ።

ይፋግ ያለበት ሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳት ምንነቱ ሳይለይ ሲቀር ምን እንደሚያስከፍል ቀድሞ አይቶታል። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር የተባለው ትኩሳት ያለው በሽታ ሲገባ ወባ ነው፣ መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው አልቋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ለ5,000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች፣ የቤት ለቤት ጉብኝት። ባለሙያዋ ጤና ኬላ ትቀመጥ ወይስ ቤት ለቤት ትዙር የሚለው ክርክር ግን አልበረደም። ኮሮና በራሱ መንገድ ፈረደ። ባለሙያዋ ቤት ለቤት መዞሯን ቀጠለች፤ የያዘችው መልእክት ግን ስለ እጅ መታጠብ ነበር፣ የምትጠይቀውም ማን ከየት እንደመጣ ነው። ከደጅ ቆማ፣ አፏን ሸፍና። ለ15 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት የታቀደው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም ከሚያዝያ ወደ ሰኔ መጨረሻ ተገፋ።

መልካሙ የቀጠሮ መርዘም ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ታካሚዎች የስድስት ወር ቀጠሮ ከኮሮና በፊትም ጀምረው ነበር፤ ወረርሽኙ አስፋፋው። በየወሩ ለኪኒን ብሎ የትራንስፖርት ወጪና የሥራ ቀን ማባከን ድሮም ትርጉም አልነበረውም። ግን ይህ የሚያዋጣው ሕመሙ ለታወቀለት ሰው ነው። ገና ላልተመረመረው፣ ለነፍሰ ጡሯ፣ ሳል ለያዘው ሕፃን የሰው እጅና ዓይን ያስፈልጋል።

በዚያው ሰሞን የወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የ15 ዓመት ፍኖተ ካርታ አንዳንድ ጤና ኬላዎች ነርስና አዋላጅ ተመድቦላቸው ሰፊ አገልግሎት እንዲሰጡ ይላል። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት ተደረበና የኮሮናን ጉዳት ከጦርነቱ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና ዓለም አቀፍ አስቸኳይነት ማብቃቱን አስታውቋል። ትኩሳትን መደበቅ ግን በአዋጅ አይቀርም። በዚህ አካባቢ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ያለበት ሰው ቤትዎ ካለ፣ ወባ ነው ብለው አይተዉት፤ ጤና ጣቢያ ወስደው የካላዛር ምርመራ ይጠይቁለት።