የእንደራሴው ዘመን ልብስ

የአዲስ ቅዳም ከተማ የተቆረቆረችበት የፋግታ ምድር፥ በ1762 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ወጣቱን ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን ይዘው ከዳሞቱ ፋሲል ጋር የገጠሙበት ስፍራ መሆኑን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ከሚወጣው ሕዝብ ስንቱ ያስታውሰው ይሆን? ዘውዱን የሚጭነው አንድ፥ የሚያዝዘው ሌላ የሆነበት፥ በታሪካችን ዘመነ መሳፍንት የተባለው ያ ዘመን ገና ሳያልፍ፥ በእንግሊዝ አገርም ይህን የሚመስል ነገር ደረሰ፤ የንጉሡ የጆርጅ ሣልሳዊ አእምሮ ስለ ታወከ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1811 እስከ 1820 ድረስ ልጃቸው እንደራሴ ሆነው በአባታቸው ስም ገዙ። በዚያው ወራት በጎንደር ዐፄ እጓለ ጽዮን በስም ነግሠው ሳሉ፥ ሥልጣኑን ከደብረ ታቦር የያዙት የየጁው ራስ ጉግሣ ነበሩ።

ዛሬ ከጄን ኦስተን ልብ ወለዶች በተቀዱ ፊልሞች የምናየው፥ ወገቡ ከጡት ሥር የታሰረ፥ ከዚያም እስከ እግር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስስ ነጭ የሴት ቀሚስ የዚያ የእንግሊዝ ዘመነ እንደራሴ ልብስ ነው። ከዚያ ቀደም የነበሩት ወይዛዝርት ወገባቸውን በጥብቅ አስረው፥ ቀሚሳቸውን በግራና በቀኝ ወጥረው ሲጨነቁ ኖረዋል፤ የፈረንሳይ አብዮት የመኳንንትን ጌጥ ቢያስነቅፍ፥ የጥንት ግሪክና ሮም ሐውልትም የአዲሱን ቅርጽ አብነት ቢሰጥ፥ ያ ሁሉ ሸክም በጥቂት ዓመታት ወደቀ። በወንዶቹ በኩል በ1795 የእንግሊዝ መንግሥት በጠጕር ዱቄት ላይ ግብር ስለ ጣለ፥ በዱቄት የነጣው ሰው ሠራሽ ጠጕር እየቀረ ሄደ፤ ከመሳፍንት ያልተወለደው ጆርጅ ብሩመል ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ኮትና ንጹሕ ነጭ የአንገት ጨርቅ ብቻ ለብሶ እንደራሴውን ራሳቸውን ተከታይ አደረጋቸው። ዛሬ በየቢሮው የምንለብሰው ሙሉ ልብስ ከዚያ የተወለደ ነው። ብሩመል ግን ዕዳ አባርሮት በ1816 ወደ ፈረንሳይ ሸሸ፤ በዚያም በድህነት ሞተ።

ፊልሙ የማያሳየን የጥጡ መንገድ ነው። ያ ነጭ ስስ ጨርቅ በመጀመሪያ ከቤንጋል ሸማኔዎች እጅ የመጣ ሲሆን፥ በኋላ ክሩ በእንግሊዝ አገር በላንካሺር መኪና ተፈተለ፤ ጥጡንም ከአሜሪካ እርሻ የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ በ1811 ደግሞ እንጀራቸው የተነካባቸው እንግሊዛውያን የእጅ ሠራተኞች መኪናዎችን በመዶሻ መሰባበር ጀመሩ። ስለዚህ ቅለትና ንጽሕና ነው እየተባለ የሚመሰገነው ያ ልብስ፥ በእኔ አስተያየት፥ እንደሚመስለው ቀላልም ንጹሕም አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ ሲዘልቅ፥ በብርዳማው ደጋ የሚኖሩት አገዎች በራሳቸው ጥበብ አልፍተው ያለሰለሱትን ቁርበት እንደሚለብሱ፥ ያገቡት ሴቶችም እስከ እግር የሚደርሰውን ልብሳቸውን በመቀነት ታጥቀው፥ አንዱን እጥፍ በትከሻቸው መልሰው ልጃቸውን በጀርባቸው እንደሚያዝሉበት ጽፏል። ልጅ የሚታዘልበት ልብስ ከሥራ ጋር የተስማማ ልብስ ነውና፥ ከለንደኑ ስስ ቀሚስ ይልቅ በጥበብ ያነሰ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሸማን በተመለከተ ደግሞ የአገራችን ሥርዓት ከቅርጽ ይልቅ በአለባበስ የተጻፈ ነው። ያው አንዱ ነጠላ በጌታ ፊት ሲቆሙ ይደገደጋል፥ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስቀለኛ ይጣፋል፥ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል፤ ለምዱና ካባው ግን የጦርና የሹመት ትእምርት ነበሩ። እንግሊዛዊው ልብሱን ለውጦ ማንነቱን ሲገልጥ፥ የእኛ ሰው ልብሱን ሳይለውጥ አጣጣሉን ይለውጥ ነበር።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1810 እንግሊዛዊው መልእክተኛ ሄንሪ ሶልት ለንጉሠ ነገሥቱ የተላከ ገጸ በረከት ይዞ ቢመጣ፥ መንገዱ በመሳፍንቱ ጠብ ስለ ታወከ ከትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ አልፎ ጎንደር መድረስ ሳይችል ቀረ። ሠዓሊም ነበርና የዚያን ዘመን ሰዎቻችንን በሥዕል ማስቀረቱ ለእኛ ከገጸ በረከቱ ይበልጣል።

ያቺ ፋግታ ባለችበት በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን መታሰቢያ በእንጅባራ ስለሚያከብር፥ የፈረሰኛው አለባበስና የፈረሱ ጌጥ ከነወጉ ይታያል። ከዚያ በፊት የነበረው የዘመነ መሳፍንት ልብስ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ተውኔትና ፊልም የምታዘጋጁ ሁሉ፥ የዚያን ዘመን ሰው ከገበያ በተገዛ አብረቅራቂ ካባ ከማልበሳችሁ በፊት የእነ ብሩስንና የእነ ሶልትን ጽሑፍና ሥዕል ተመልከቱ፤ በየቤታችሁ ሳጥን፥ በየደብሩም ዕቃ ቤት የአያቶች ልብስ ያላችሁ ደግሞ፥ ብል ሳይበላው ፎቶግራፉን አንሥታችሁ የማን እንደ ነበረ ጻፉበት።