ሸክላና አድማጩ

ሙዚቃ ወዳዶች በተገናኙ ጊዜ ከጤናና ከቤተሰብ ጥያቄ ቀጥሎ «ሰሞኑን ምን እያዳመጡ ነው?» መባባል ልማዳቸው ነው። የሚጠያየቁት ግን ስለ ዜማው ብቻ አይደለም። አንድ የታወቀ ድርሰት በልዩ ልዩ ተጫዋቾች ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ማን እንደ ተጫወተው፣ የት እንደ ተቀረጸና በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ ካልተነገረ መልሱ ግማሽ ይሆናል። «የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ አዳመጥሁ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የከተማውን ስም ነግሮን ቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር እንደ ነሣን ይቆጠራል።

ይህ ጥያቄ ከሀገራቸው ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ሌላም ክብደት አለው። ለምሳሌ ያህል በናይሮቢ ከተማ የሚገኘውን የሁርሊንግሃምን ሰፈር እንውሰድ። ሰፈሩ ከከተማው የንግድ ማእከል በስተ ምዕራብ ይገኛል። በመካከሉ የሚያልፈው ዋና ጎዳና ቀድሞ የሁርሊንግሃም መንገድ ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚጠራው በ1969 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ በሞቱት በኬንያዊው የሕግ ባለሙያና ሚኒስትር በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በኢትዮጵያ ከ1974 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሰደዋል፤ በየጊዜው ሌሎችም ተከትለዋቸዋል። በሁርሊንግሃምና በአካባቢው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተከፈቱት ከዚሁ የተነሣ ነው። እንጀራና ቡና ከቀረበ ደግሞ ዜማ አይቀርም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ «ምን እያዳመጡ ነው?» ማለት «ከሀገር ቤት ምን ይዘው ወጡ?» እንደ ማለትም ይሆናል።

ነገሩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን መሣሪያ በ1877 የሠራው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው። እርሱ የተጠቀመው በሚሽከረከር ቱቦ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ጠፍጣፋ ክብ ሸክላ ያስገኘው ግን ኤሚል በርሊነር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን የጠየቀው በ1887 ነው። የቀድሞዎቹ ሸክላዎች ሸላክ ከሚባል ሙጫ ተደባልቀው ይሠሩ ስለ ነበር ከእጅ ሲወድቁ እንደ ገንቦ ይሰባበሩ ነበር። «ሸክላ» የሚለው የአማርኛ ስም ከመሰበሩ ይምጣ ወይም ከሙጫው ስም፣ ለዕቃው ጠባይ እጅግ የሚስማማ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ይህ ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። በ1913 አርቱር ኒኪሽ የበርሊንን ፊልሐርሞኒክ ኦርኬስትራ እየመራ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ባስቀረጸ ጊዜ ሥራው በብዙ ገጾች ተከፋፍሎ መውጣት ነበረበት። አድማጩ በየአራት ደቂቃው እየተነሣ ሸክላውን ይገለብጣል፤ መርፌውን ያነሣል፤ መልሶ ይቀመጣል። እንዲህ ደክሞ የሚያዳምጥ ሰው ያዳመጠውን ለወዳጁ ሳይነግር ማደሩ የሚያስገርም ነበር።

በ1948 በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ረጅም ሸክላ ወጣ፤ በአንድ ገጹም ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ ያ ድካም ቀነሰ። በ1963 ካሴት፣ በ1982 ደግሞ ሲዲ ተከተሉ።

አድማጮች አንዱን ቅጂ ከሌላው የሚያወዳድሩት ለምንድን ነው? የዜማው ኖታ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የካናዳው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ ነው። ጉልድ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የተባለውን የባኽን ድርሰት መጀመሪያ በ1955 አስቀረጸ፤ ያን ጊዜ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። ቅጂው በ38 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በ1981 ያንኑ ድርሰት እንደገና ሲያስቀርጽ 51 ደቂቃ ፈጀበት፤ በዓመቱም ሞተ። ሁለቱም ቅጂዎች የአንድ ሰው ናቸው፤ ኖታውም አልተለወጠም። ሆኖም የመጀመሪያው ቁልቁለት ወርዶ እንደ ሚሮጥ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱን ድምፅ መዝኖ የሚያስቀምጥ የሽማግሌ ንግግር ይመስላል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል በሚለው አድማጮች እስካሁን ይከራከራሉ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ መፍትሔ የለውም፤ ባይኖረውም ጆሮን ያሠለጥናል።

ይህ ዓይነቱ የማወዳደር ጥበብ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ እንዳይመስለን። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የተማሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከጥንት ጀምረው ይህን ያውቁበታል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ለሁሉም የጋራ ናቸው፤ አዜማሙ ግን እንደ ጉባኤ ቤቱ ይለያያል። የቤተልሔም፣ የአጫብር፣ የቆማና የተጉለት እየተባለ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሠለጠነ መሪጌታ ከቅኔ ማሕሌቱ ውጭ ቆሞ ጥቂት ቢያዳምጥ፣ የሚያዜመው ሰው ከየትኛው ቤት እንደ ተማረ ይናገራል። መምህሩ ማን እንደ ሆነ የሚገምትም አለ። የሸክላ አድማጭ ሙያ ከዚህ የሚለየው በመሣሪያው ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ ላይ የሰፈረው ከብዙ ሀገሮች ቀድሞ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢል ሙያ ለመማር በ1908 ወደ ጀርመን ሀገር ተላኩ። በዚያም በበርሊን ሳሉ ድምፃቸው ተቀረጸ። ሞተር ሊማሩ ሄደው ዘፈን አስቀርጸው መመለሳቸው የሚያስደስት ነገር ነው። መሣሪያው ያን ጊዜ ገና የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን አልነበረውም፤ ዘፋኙ ወደ ትልቅ ጡሩንባ አፉን አቅንቶ ጮክ ብሎ ካልዘፈነ መርፌው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የዚያን ዘመን ቅጂ የሚያዳምጥ ሰው የድምፁን ጥንካሬ ከዘፋኙ ጠባይ ብቻ የመጣ አድርጎ እንዳይወስደው መጠንቀቅ አለበት።

ስለ ክላሲካል ሙዚቃ ሲነሣ በኢትዮጵያውያን አድማጮች መካከል ከሁሉ ይልቅ ስማቸው የሚደጋገመው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። ገና በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ ሀገር ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ፋሺስት ኢጣልያ ሀገሪቱን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮዊች ከተባለው የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በወጣትነታቸው መንኩሰው በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ በዚያ ፒያኖ አልነበረም። በ1967 በጀርመን ሀገር የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለችግረኞች ልጆች መርጃ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት ወር 2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ታዲያ ሁለት አድማጮች ስለ እርሳቸው ሲጨዋወቱ ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ታናሹ «ትናንት የእማሆይን ፒያኖ ሳዳምጥ አመሸሁ፣ ጋሼ» ቢል፣ ታላቁ «የቀድሞውን ሸክላ ነው ወይስ በ2006 ተሰብስቦ የወጣውን ሲዲ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ለመመጻደቅ አይደለም። ከቀድሞዎቹ ሸክላዎች የታተሙት ጥቂት ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት የሚያውቋቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የ2006ቱ ሲዲ ኤትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም ሃያ አንደኛው ሆኖ ከወጣ በኋላ ግን ሙዚቃቸው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ቀርጾ ማስቀመጥ ብቻውን ሙዚቃውን አላስተዋወቀም፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ፣ ሸክላውን እያዋሰ ያቆየው ሰው ነበረ ማለት ነው። አጨዋወታቸውን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ቀኝ እጃቸው እንደ ክራር ክር፣ ወይም እንደ ዜማ እርግብግቢት ሲንቀጠቀጥ፣ ግራ እጃቸው ከአውሮፓ የተማሩትን ሲያስታውስ ይሰማል። ከድርሰቶቻቸው አንዱ የሀገርን ናፍቆት የሚመለከት ርእስ አለው። እርሱን በአዲስ አበባ ማዳመጥና በሁርሊንግሃም ማዳመጥ አንድ አይደለም።

ማወዳደርን ለሚወድ ሰው ሌላም ጥንድ አለ። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ (1938–1998) የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ፤ ዋሽንት ስለሚነፋ እረኛ በኦርኬስትራ የሚቀርብ ሥራ ደርሰዋል። በ1967 የተወለደው፣ መጀመሪያ ክራር ተጫውቶ በኋላ በያሬድ ትምህርት ቤትና በሶፍያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋም እንዲሁ እረኛውንና ዋሽንቱን ርእስ ያደረገ ድርሰት አለው፤ እርሱ ግን ሁሉን ለፒያኖ ብቻ ሰጥቶታል። ዋሽንት ድምፅን ይጎትታል፣ ያጎብጣል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። ፒያኖ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ቁልፉ ከተመታ በኋላ ድምፁ መድከም ብቻ ነው የሚቀረው። ፒያኖ ተጫዋቹ ያንን ጉድለት በምን እንደ ሸፈነው ለማወቅ ሁለቱን ሥራዎች አከታትሎ ማዳመጥ ጠቃሚ ነው።

በገና ግን የራሱ ዓለም አለው። ዐሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ የሚነዝረው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በገቡ ቁርጥራጭ ጠፍሮች ምክንያት ነው፤ ያንን ነዝር ያላወቀ አድማጭ ሸክላው የተበላሸ ይመስለዋል። የአለሙ አጋን በገና በ1972 ቀርጻ ለዓለም ያሰማችው ሲንሲያ ኪምበርሊን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት።

ወደ ስደተኛው እንመለስ። ሸክላ ከባድና ተሰባሪ ስለ ሆነ ብዙ መንገደኛ ይዞት የሚወጣው ካሴት ነበር። ካሴት ግን ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛው ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲወሰድ የሚደርሰው ጥፋት ነው። በእያንዳንዱ መገልበጥ የክሩ ሹክሹክታ ይጨምራል፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች እየደበዘዙ ይሄዳሉ። በግልበጣው ጊዜ የሚያጫውተው መሣሪያ ትንሽ ከፈጠነ ደግሞ ዘፋኙ ከእውነተኛ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ አራተኛውና አምስተኛው ቅጂ ላይ ሲደረስ የክራሩ ቅኝት እንኳ የቱ እንደ ነበረ ማወቅ ያስቸግራል። ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይብሳል፤ እርሱም የስም መጥፋት ነው። ገልባጩ በካሴቱ ጀርባ ላይ «ባህላዊ» ወይም «የድሮ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። የበገና ደርዳሪው ማን ነው? ማሲንቆውን የመታው ከየት ሀገር የመጣ ነው? ባለቤቱ ቢያውቅም አልጻፈውም፤ ልጁ ደግሞ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ድምፅ ሰምቶ «ይህማ እገሌ ነው» የሚል አዛውንት በአጠገብ እስካለ ድረስ ስሙ ይመለሳል። ስለዚህ በቡና ላይ የሚደረገው የአድማጮች ጭውውት እንደ መዝገብ ቤት ያገለግላል፤ ልዩነቱ መዝገቡ በሰው ልብ ውስጥ መሆኑ ነው። ሰውየው ያረፈ ዕለት መዝገቡም አብሮ ይዘጋል።

በዚህ ረገድ ሸክላ ከካሴት ይበልጣል። ናይሮቢ ራሷ ለረጅም ዘመን ሸክላ የሚታተምባት ከተማ ነበረች፤ ከሁርሊንግሃም ብዙ በማይርቀው በኬንያታ ገበያም ሥጋ ከሚጠበስባቸውና ጠጉር ከሚሠራባቸው ሱቆች መካከል አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ልምድ ያለው ገዢ ሸክላውን ሲያነሣ አስቀድሞ ሥዕሉን አያይም። ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ጭረቱን ይመረምራል፤ በጥፍሩ ሳይሆን በዓይኑ። ቀጥሎ በመካከል የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ያነባል። ወረቀቱ በእርጥበት ተበልቶ ወይም ተልጦ ከሆነም ተስፋ አይቆርጥም፤ ዜማው ካለቀበት ስፍራ እስከ ወረቀቱ ድረስ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ አሳታሚው የጫረውን ወይም ያተመውን ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሸክላው አካል ላይ ስላለ አይላጥም። ያንን ቁጥር ገልብጦ ተመሳሳይ ሸክላ ላለው ወዳጁ ይልካል፤ ወዳጁም ከራሱ ሸክላ ጋር አስተያይቶ የዘፋኙን ስም ጽፎ ይመልስለታል።