የገበታ ፍርድና የእንግዳ ጨዋነት

በኢትዮጵያ ልማድ የቀረበለትን ምግብ የሚነቅፍ ሰው እንደ ጨዋ አይቈጠርም። ወጡ ጨው ቢበዛበት፥ እንጀራው ቢኰመጥጥ እንኳ፥ እንግዳው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ከገበታው ይነሣል እንጂ ጉድለቱን አይናገርም። ይህም ልማድ ያለ ምክንያት የቆመ አይደለም፤ የቀረበው ገበታ ስጦታ ስለ ሆነ፥ በስጦታም ላይ ፍርድ መስጠት ሰጪውን ማሳዘን ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ምግብ በገንዘብ መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ በላተኛው እንግዳም ገዢም ሆኗል። እንግዳ እንደ መሆኑ ማመስገን፥ ገዢ እንደ መሆኑ ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባዋል። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች አስታርቆ መያዝ እንደሚቻል፥ በሩቅ አገር በምትገኝ በአንዲት መካከለኛ ከተማ ብዙ ዘመን ጽፈው ያሳዩ አንዲት ጋዜጠኛ ነበሩ። እኚህም ወይዘሮ ማሪሊን ሃገርቲ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ወይዘሮ ማሪሊን ግንቦት 22 ቀን 1918 ዓ.ም. በአሜሪካ በደቡብ ዳኮታ ግዛት በፒር ከተማ ተወለዱ። በዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትን ሙያ ተምረው ከጨረሱ በኋላ ጋዜጠኛውን ጃክ ሃገርቲን አገቡ። ባለቤታቸው «ግራንድ ፎርክስ ሄራልድ» በሚባለው ጋዜጣ ሥራ በማግኘታቸው፥ ቤተ ሰቡ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1957 በሰሜን ዳኮታ ወደምትገኘው ወደ ግራንድ ፎርክስ ከተማ ተዛወረ። ይህች ከተማ ክረምቷ እጅግ የሚበርድ፥ ዙሪያዋ ስንዴና ድንች ስኳር የሚወጣውም ሥር የሚበቅልበት የእርሻ አገር ነው። የሕዝቧም ቍጥር ስድሳ ሺህ ያህል ነው። ወይዘሮ ማሪሊን በዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ ከተማው ሰው፥ ስለ ሐዘኑና ስለ ደስታው፥ ስለ ልዩ ልዩ ጕዳይ ይጽፉ ነበር፤ ከጽሑፋቸውም አንዱ ክፍል በከተማው ውስጥ ስላሉት ምግብ ቤቶች የሚናገር ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ብዕራቸውን አላስቀመጡም።

ስለ ምግብ ቤት ሲጽፉ የታላላቅ ከተሞችን ጸሓፊዎች መንገድ አልተከተሉም። እነዚያ ጸሓፊዎች ብርቅ የሆነውንና ዋጋው የከበደውን ማዕድ እየመረጡ ይቀምሳሉ። ወይዘሮ ማሪሊን ግን የጭነት መኪና ነጂዎች የሚበሉበትን ቤት፥ ለተማሪና ለሠራተኛ ርካሽ ምሳ የሚሸጠውን ቤት፥ አዲስ የተከፈተውንም ቤት እኩል ይጐበኙ ነበር። ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፥ አሳላፊው እንግዳውን እንዴት እንደ ተቀበለ፥ ምን እንደ ቀረበና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ በቀላል ቃል ይጽፋሉ። ምግቡ ያላማራቸው እንደ ሆነ ባለቤቱን በአደባባይ አያዋርዱም፤ ስለ ወንበሩና ስለ ግድግዳው ጌጥ አስፍተው ስለ ወጥ ቤቱ ግን አሳጥረው ይጽፋሉ። የከተማው ሰው አጻጻፋቸውን ለምዶ ስለ ነበረ፥ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን አይቶ ነገሩን ይረዳ ነበር።

የካቲት 28 ቀን 2004 ዓ.ም. የታተመው ጽሑፋቸው ግን ያልታሰበ ነገር አመጣ። «ኦሊቭ ጋርደን» የሚባለው፥ የጣልያን ዓይነት ምግብ የሚሸጥና በመላው አሜሪካ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ምግብ ቤት በግራንድ ፎርክስ አዲስ ቤት ከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ማሪሊን፥ ያን ጊዜ የ85 ዓመት ባልቴት ሆነው፥ እንደ ልማዳቸው ሄደው በሉ፤ ያዩትንም በበጎ ቃል ጻፉ። በሌላ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ባገኙት ጊዜ መሣቂያ አደረጉት። «ይህ ምግብ ቤት በየከተማው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፥ ይህን ያህል ማተት ምን ይረባል?» አሉ። ወሬው በጥቂት ቀን ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ባልቴቷ ግን አልተቈጡም፥ አላፈሩምም። ከወዳጆቻቸው ጋር የተቀጣጠሩበት የካርታ ጨዋታ እንዳያመልጣቸው ተጠንቅቀው ወደዚያው ሄዱ።

ፌዘኞቹ ያላስተዋሉት ነገር ነበር። በትልቅ ከተማ ለሚኖር ሰው ያ ምግብ ቤት ከብዙዎቹ አንዱ ነው። በግራንድ ፎርክስ ለሚኖር ገበሬ ወይም አስተማሪ ግን፥ ቤተ ሰቡን ይዞ አንድ ቀን ለመብላት ሲያስብ፥ ያ ቤት ምን እንደሚመስል፥ ገንዘቡም ይበቃው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ቁም ነገር ነው። ወይዘሮ ማሪሊን የጻፉት ለዚህ ሰው ነበር እንጂ ለፌዘኞቹ አልነበረም። ስመ ጥሩው ወጥ አዋቂና ጸሓፊ አንቶኒ ቦርዴይን ይህን ተረድተው ለባልቴቷ ጥብቅና ቆሙ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2013 ከጽሑፎቻቸው 128ቱ ተመርጠው በመጽሐፍ ሲታተሙም መቅድሙን የጻፉላቸው እርሳቸው ነበሩ። በመሣቂያነት የተጀመረው ነገር የአንዲት ከተማ ማዕድ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

የዚህን ታሪክ ጥቅም ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ይገባል። ምግብን ለመንገደኛ በዋጋ መሸጥ በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ውርደት ይታይ በነበረበት ጊዜ፥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. አሠሩ። በቃል ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፥ ሰው ከፍሎ መብላትን አፍሮ በቀረ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው ዋጋ እየከፈሉ በመብላት ሌላውን አለማመዱ። በወጥ ቤት ሙያና በግብር ሥርዓት ዐዋቂነታቸው የተመሰገኑት እቴጌይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ያስጀመሩት ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ማዕድ ከስጦታነት ወደ ሙያነት የተሻገረበት በር ነበረና። ስጦታ ፈራጅ የለውም። ሙያ ግን ፈራጅ ያስፈልገዋል፤ ጐበዙን ከሰነፉ የሚለይለት ከሌለ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉና።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ጉደር ይቀጥላል። ከመንገዱ በስተ ሰሜን፥ ገብስና ድንች በሚበቅልበት በብርዳሙ ደጋ ላይ፥ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ጎጆ ትገኛለች። ስሟ እንደሚያመለክተው ትንሽ ከተማ ናት፤ ቢሆንም ወደ እርሷ ለገበያ የሚመጣ ነጋዴ፥ ለጕዳይ የሚመላለስ ባላገር፥ ለሥራ የሚላክ ሹም፥ ሁሉም በቀትር ይርበዋል። እንዲህ ያለው መንገደኛ የአምቦን ውሃ ቢያዝ፥ ጠርሙሱ በአዲስ አበባም ቢሆን በጎጆም ቢሆን አንድ ነው፤ ስለዚህ ስለ እርሱ የሚጠይቀው ነገር የለም። ወጡ ግን እንደ ጠርሙሱ አይደለም። ሽሮው እንደ ሠሪዋ እጅ፥ ጭኮውም ገብሱን እንደ ቈላችውና ቅቤውን እንዳነጠረችው ሴት ሙያ ይለያያል። በየትኛው ቤት ንጽሕናና ሙያ፥ በየትኛውም ቤት ቸልተኝነት እንዳለ መንገደኛው የሚያውቀው ከበላ በኋላ ብቻ ነው።

በእንደነዚህ ያሉ ከተሞች ምግብ ቤት የምትይዘው ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ እሳት የምታነድ፥ በገበያ ቀን የሚያልፈውን ሁሉ የምታበላ፥ ልጆቿንም በዚያው የምታሳድግ። ይህች ሴት ሁለት ዓይነት በላተኛ ይጐዳታል። አንደኛው በፊቷ አመስግኖ ከደጅ ሲወጣ የሚያማ ነው፤ ጉድለቷን ስላልነገራት ልታርመው አትችልም፥ ሐሜቱ ግን ገበያዋን ይዘጋዋል። ሁለተኛው በሥልጣኑ ወይም በገንዘቡ ተመክቶ በሰው ፊት የሚያዋርዳት ነው፤ ያዘነች እጅ ደግሞ ነገ የተሻለ ወጥ አትሠራም። የግራንድ ፎርክሷ ባልቴት ከሁለቱም የራቁ ነበሩ። የሚጽፉላቸው ባለ ምግብ ቤቶች በማግስቱ በመንገድ የሚያገኟቸው ያገራቸው ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ማንንም ፊቱን አይተው ለማናገር የማያሳፍራቸውን ቃል ብቻ ይጽፉ ነበር።

እንዲህ ሲባል ግን ዝምታ ሁልጊዜ ጨዋነት ነው ማለት አይደለም። የወጡ መቅጠን በዘዴ ቢታለፍ የሚጐዳው የአንድ ቀን ምሳ ነው። ነገር ግን ውሃው ንጹሕ ያልሆነ እንደ ሆነ፥ ሥጋውም የዋለ እንደ ሆነ፥ ዝም ያለ ሰው ከኋላው ለሚመጣው በሽተኛ ተጠያቂ ይሆናል። የጾምም ነገር እንዲሁ ነው። ከዓመቱ ቀኖች ብዙውን ለሚጾም ካህን፥ «የጾም ነው» ተብሎ የቀረበለት ወጥ በፍስክ ድስት የተሠራ ወይም የቅቤ ጭልፋ የገባበት እንደ ሆነ፥ ነገሩ የጣዕም ሳይሆን የኅሊና ነው። ባለ ምግብ ቤቷም ይህን የምታደርገው ብዙ ጊዜ በተንኰል ሳይሆን የዕቃ ማነስ አስገድዷት ነው። በቀስታ ወደ ጓዳ ጠርቶ «የጾሙን ድስት ለብቻው አድርጊው» ብሎ የሚነግራት ካህን፥ ምእመናንንም እርሷንም ይጠቅማል።

ወይዘሮ ማሪሊን በሕይወት ሳሉ የከተማቸው ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ውሃ የሚገፋበትን አንድ ጣቢያ በስማቸው ሰይሞላቸው ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ማንም ልብ የማይለውን የከተማ ጕዳይ ዘመናቸውን ሁሉ ልብ ሲሉ ለኖሩ ሴት የማይስማማ ሐውልት አይደለም።

ለጎጆም ሆነ ለአምቦ፥ ለጊንጪም ሆነ ለጉደር የምግብ ፈራጅ ጋዜጠኛ እስኪነሣ መጠበቅ ግድ አይደለም። ለሥራ የሚዘዋወር ሹም የበላበትን ዋጋ በሙሉ ከፍሎ፥ ያማረውን በሰው ፊት ቢያመሰግን፥ የጐደለውን ለባለቤቷ ለብቻዋ ቢነግር፥ ጤና የሚጐዳውንም ለሚመለከተው ቢያስታውቅ፥ የፈራጅነትን ሥራ ፈጸመ ማለት ነው። በነፃ የበላ ሰው ግን ሊያመሰግንም ሊነቅፍም አይችልም፤ ምስጋናው እንደ ውለታ፥ ነቀፋው እንደ ግፍ ይቈጠራልና። ያቺም ሴት እውነተኛ ምስጋና የሰማች ዕለት በነጋታው ድስቷን አጥርታ ታጥባለች።